መቀነት ያልቻለ ወገብ፦ ጋባፔንቲን፣ የካልሲየም በሮችና የአልማዝ ባለጭራ ሕመም

መነሻ

በቢቸና ዙሪያ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ለአምስት ወራት ያህል መቀነታቸውን ሳያስሩ ኖረዋል። የጎጃም ባልቴት ያለ መቀነት ከደጅ መውጣትን እንዴት እንደምታየው ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጀርባቸው ቀኝ ወገን ተነሥቶ እስከ እምብርታቸው የዞረው ውኃ የቋጠረ ሽፍታ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ደርቆ፣ ቅርፊቱ ረግፎ፣ ጠባሳው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሕመሙ ግን አልሄደም። ቀሚሳቸው ሲነካቸው እንደ ሳማ ይለበልባቸዋል፤ ሌሊት ማንም ሳይነካቸው እንደ መርፌ ይወጋቸዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጠላቸው ጎናቸውን እንዳይነካው በእጃቸው አርቀው ይይዙታል።

የበሽታው ስም በአገሩ የታወቀ ነው፤ አልማዝ ባለጭራ ይባላል። የሕክምናው ዓለም ከግሪክኛ ወስዶ የሚጠራበት ዞስተር የሚለው ቃል ደግሞ መታጠቂያ፣ መቀነት ማለት ነው። ግሪኩ ያየው ሽፍታው በወገብ ላይ የሚዞርበትን መንገድ ነው፤ አማርኛው ያየው ጭራውን ነው። ለእኚህ እናት ከባዱ መከራም ጭራው ሆነባቸው፤ ሽፍታው ከዳነ በኋላ የሚቀረው፣ ሐኪሞች ድኅረ ዞስተር የነርቭ ሕመም የሚሉት ማለት ነው።

በመጀመሪያ የሄዱበት ጤና ጣቢያ ጠባሳውን አይቶ «ቁስሉ ድኗል» ብሎ መለሳቸው። ከወራት በኋላ ከጎተራ የወጣ ጤፍ ተሸጦ ወደ አንድ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ጋባፔንቲን የተባለ ባለ 300 ሚሊግራም እንክብል ታዘዘላቸው። «በቀን ሦስት ጊዜ» ከሚለው በቀር ሌላ ቃል አልሰሙም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ሦስት ሦስት ዋጡ። በማግሥቱ ራሳቸውን አዞራቸው፤ በሦስተኛው ቀን ከምድጃ ሲነሡ ሊወድቁ ነበር። ሕመሙ ግን እንደ ነበረ ነው። የተረፈውን እንክብል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አስቀመጡት። «ቁስሉንም አላመኑልኝም፤ መድኃኒታቸውም አልያዘልኝ» አሉ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ከተቋጠረው እንክብል ይነሣል። በጤፍ ዋጋ የተገዛ፣ በብዙ አገር የሚታዘዝ መድኃኒት በሦስት ቀን ለምን አላስታገሰም? መልሱ ከፊሉ በአወሳሰዱ ላይ፣ ከፊሉ ደግሞ መድኃኒቱ በስሜት ነርቭ ሴሎች ውስጥ በካልሲየም በሮች ላይ በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም ሊነገሯቸው የሚገቡ ነበሩ።

ሕመሙ የሚኖርበት ቦታ

የአልማዝ ባለጭራ መነሻ ቆዳ አይደለም። ብዙዎች ጉድፍ የሚሉት፣ ልጆችን የሚይዘው ውኃ የሚቋጥር ሽፍታና አልማዝ ባለጭራ የአንድ ቫይረስ ሁለት መልኮች ናቸው። ልጁ ከጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት ጨርሶ አይወጣም፤ የነርቭ ክሮችን ተከትሎ ወደ ውስጥ በመዝለቅ ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ በተደረደሩት የነርቭ ሴሎች ጉብታዎች ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተደብቆ ይቀመጣል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት የመከላከል ኃይል ሲደክም ይነሣል። ከኤች አይ ቪ ጋር ያለው ዝምድናም ከዚህ ይመጣል፤ ሽፍታው በወጣት ላይ ሲታይ ሐኪሙ የኤች አይ ቪ ምርመራ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው።

በእነዚህ ጉብታዎች ውስጥ ያለው የስሜት ነርቭ ሴል አሠራሩ የተለየ ነው። ከሴሉ አካል አንድ ክር ይወጣና ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቆዳ፣ ሌላው ወደ ኅብለ ሰረሰር ይዘልቃል። ወደ እግር ጣት የሚወርደው ክር በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። እያንዳንዱ ጉብታ ከቆዳው የራሱ የሆነ አንድ ቀበቶ መሳይ ድርሻ አለው፤ ስለዚህ በአንድ ጉብታ ውስጥ የነቃ ቫይረስ በአንድ ወገን ብቻ፣ በአንድ ቀበቶ ላይ ሽፍታ ያወጣል። እናታችን መቀነት የሚያስሩበትን ቦታ የያዘውም ይኸው ድርሻ ነው።

ቫይረሱ ሲነሣ ሴሎቹን ያቆስላል፤ አንዳንዶቹንም ይገድላል። የተረፉት እንደ ቀድሞው አይሆኑም። ማንም ሳይነካቸው መልእክት ይልካሉ፤ የጨርቅ ንክኪን እንደ ቃጠሎ ያስተላልፋሉ። ኅብለ ሰረሰሩም ይህን የማያቋርጥ ጩኸት እየሰማ ለትንሹ ነገር ሁሉ የሚደነግጥ ይሆናል። እንግዲህ «ቁስሉ ድኗል» የሚለው ቃል ስለ ቆዳው እውነት ነበር፤ ስለ ሕመሙ ግን ምንም አልተናገረም።

የካልሲየም በሮች

የነርቭ መልእክት በክሩ ላይ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ከክሩ ጫፍ ወደሚቀጥለው ሴል የሚሻገረው ግን በኬሚካል ነው፤ የኤሌክትሪኩን ትእዛዝ ወደ ኬሚካል የሚለውጠው ደግሞ ካልሲየም ነው። ከሴል ውጭ ያለው የካልሲየም ክምችት በሴሉ ውስጥ ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሴሉ ይህን ልዩነት ሌት ተቀን እየለፋ የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሩ ለቅጽበት ሲከፈት የሚገባው ካልሲየም ግልጽ ትእዛዝ እንዲሆን ነው። ትእዛዙም «ያለህን ልቀቅ» የሚል ነው። የክሩ ጫፍ ግሉታሜትንና ሌሎች የሕመም መልእክተኞችን ወደ ኅብለ ሰረሰር ያፈስሳል።

በሩ ቮልቴጅ ሲለወጥ የሚከፈት የካልሲየም ቻናል ነው። በሕመም ነርቮች ጫፍ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ኤን ዓይነት የሚባለው ነው። ቻናሉ አንድ ፕሮቲን ብቻ አይደለም። ካልሲየም የሚያልፍበትን ቀዳዳ የሚሠራው አልፋ አንድ ይባላል፤ ከእርሱ ጋር ቤታ የሚባል ከውስጥ፣ አልፋ ሁለት ዴልታ የሚባል ደግሞ ከውጭ ተጣብቀው ይገኛሉ። አልፋ ሁለት ዴልታ ቀዳዳ የለውም። ሥራው ቻናሉ ከተሠራበት ከሴሉ አካል ተነሥቶ እስከ ክሩ ጫፍ እንዲደርስ፣ በዚያም በሴሉ ገጽ ላይ እንዲተከል መርዳት ነው። በር ሊሆን ቀርቶ መዝጊያም አይደለም፤ በሩን ተሸክሞ ወስዶ ከጉበኑ የሚያቆመው ሠራተኛ ነው።

ለጎጃም አንባቢ ካልሲየም በስሜት ነርቭ ውስጥ የሚያደርገውን የሚያሳይ ቅርብ ምሳሌ በርበሬ ነው። በርበሬ የቀነጠሰች ሴት እጇን የሚያቃጥላት ካፕሳይሲን የተባለው ቅመም በሕመም ነርቮች ጫፍ ላይ ያለ ሌላ ዓይነት በር ከፍቶ ካልሲየምና ሶዲየም ስለሚያስገባ ነው። ይህን በር ዴቪድ ጁሊየስና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ለይተው አወጡት። የፈለጉበት መንገድም በካልሲየም ነበር፤ የስሜት ነርቭ ሴሎችን ጂኖች ካፕሳይሲን ለማይሰማቸው ሴሎች እየሰጡ፣ ቅመሙን ሲያፈሱባቸው በካልሲየም መግባት የሚበሩትን ሴሎች ለቀሙ። ጁሊየስ ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር በ2021 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በርበሬ በሩን በቅጽበት ይከፍታል፤ ስለዚህ ቃጠሎውም በቅጽበት ይመጣል። ጋባፔንቲን ግን እንዲህ ባለ ፍጥነት በሩን የሚዘጋ መድኃኒት አይደለም።

መድኃኒቱ የሚሠራበት መንገድ

ጋባፔንቲን በ1970ዎቹ በጀርመን አገር ሲሠራ የታሰበው ለሌላ ነበር። አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል እንዲመስል ተደርጎ ተቀመመ፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ለሚጥል በሽታ ተፈቀደ፤ በ2002 ደግሞ ለድኅረ ዞስተር ሕመም። ነገር ግን በጋባ ተቀባዮች ላይ እንደማይሠራ ቀስ በቀስ ታወቀ። መድኃኒቱ ስሙ የሚነግረውን አያደርግም ነበር። በ1996 ተመራማሪዎች ከአሳማ አንጎል የወጣ፣ መድኃኒቱ አጥብቆ የሚይዘውን ፕሮቲን አጣርተው ሲያዩት አልፋ ሁለት ዴልታ ሆኖ ተገኘ።

መያዝ ብቻውን ግን መሥራት አይደለም። ክርክሩን ያጠበበው በ2006 የወጣ የአይጥ ጥናት ነው። ከአልፋ ሁለት ዴልታ ዓይነቶች የመጀመሪያውን በሚሠራው ጂን ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ፣ በ217ኛው ቦታ ያለው አርጂኒን፣ በአላኒን ተለወጠ። የጋባፔንቲን ታናሽ ወንድም የሆነው ፕሪጋባሊን ከእነዚህ አይጦች ፕሮቲን ጋር አልጣበቅ አለ፤ ሕመማቸውንም አላስታገሠም። ሌሎች የሕመም መድኃኒቶች ግን በእነርሱ ላይ ይሠሩ ነበር። ከዚህ በኋላ የመድኃኒቱ ሥራ በዚህ ፕሮቲን በኩል የሚያልፍ መሆኑን መካድ ከባድ ሆነ።

የቀረው ጥያቄ እንዴት የሚለው ነበር። ቀድሞ ብዙዎች መድኃኒቱ ቻናሉን እንደ መወተፊያ ይደፍነዋል ብለው ጠብቀው ነበር። በሴሎች ላይ ጠብ ተደርጎ ወዲያው ሲለካ ግን የካልሲየሙ ፍሰት ብዙውን ጊዜ እምብዛም አልቀነሰም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የአኔት ዶልፊን ቡድን በ2008 ያሳየው ነገር መልክ ሰጠው፤ ሴሎቹ ከመድኃኒቱ ጋር ለብዙ ሰዓታት ሲቆዩ በገጻቸው ላይ ያለው የአልፋ ሁለት ዴልታ ብዛት ቀነሰ፤ ከእርሱ ጋር ፍሰቱም ቀነሰ። መድኃኒቱ በሩን አልዘጋም፤ በሩ እንዳይተከል አደረገ። በቀጣዩ ዓመት ይኸው ቡድንና ባልደረቦቹ ነርቫቸው በተጎዳ አይጦች ላይ፣ ጉዳቱን ተከትሎ በኅብለ ሰረሰሩ በኩል ባሉ የክር ጫፎች ላይ የሚከማቸው አልፋ ሁለት ዴልታ ፕሪጋባሊን ለቀናት ሲሰጣቸው እንደሚቀንስ አሳዩ።

ይህ የመጨረሻ ነጥብ ለሕክምናው ዋናው ነው። ነርቭ ሲጎዳ የስሜት ነርቭ ሴሉ ይህን ፕሮቲን ከወትሮው እጅግ አብዝቶ ይሠራል። ብዙ ሠራተኛ ማለት ብዙ በር ማለት ነው፤ ብዙ በር ማለት ለትንሽ ንክኪ ብዙ ካልሲየም፣ ብዙ ካልሲየም ማለት ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚፈስ ብዙ የሕመም መልእክት ማለት ነው። መድኃኒቱ ጤነኛውን ነርቭ ሳያደነዝዝ በተጎዳው ላይ የሚበረታው ከዚህ የተነሣ ነው ተብሎ ይታሰባል። በምስማር ለተወጋ ሰው ጋባፔንቲን ምስማሩን አያስረሳውም፤ ጨርቅ እንደ እሳት የሚሆንበትን ሰው ግን ሊረዳው ይችላል።

በሩን በቀጥታ የሚዘጋ መድኃኒትስ የለም ወይ? አለ። ዚኮኖታይድ ይባላል፤ ከፓስፊክ ባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ የተገኘና በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደ ነው። የኤን ዓይነቱን ቻናል ቀዳዳ ራሱን ይደፍናል። ነገር ግን በአፍ አይወሰድም፤ በመርፌና በፓምፕ ወደ ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ መግባት አለበት፤ አእምሮን እስከ ማወክ የሚደርስ ጉዳትም አለው። በሩን በአንዴ የሚዘጋው የቀዶ ሕክምና ክፍል ይፈልጋል፤ ቀስ ብሎ የሚሠራው በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ገጠር ይገባል። ዋጋው ትዕግሥት ነው።

ለዘገየ መድኃኒት ሁለት ምክንያቶች

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የመድኃኒቱ እርዳታ የሚዘገየው በበሮቹ ምክንያት ብቻ ነው ማለት ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው። በአንዳንድ የእንስሳት ሙከራዎች ፈጣን ውጤት ታይቷል፤ አልፋ ሁለት ዴልታ ከካልሲየም ቻናል ውጭ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ያለው ግንኙነትም እየተጠና ነው። በሰው ላይ ግን ከበሮቹ ሌላ አንድ ተራ ምክንያት አለ፤ መጠኑ ቀስ በቀስ መውጣት አለበት። የተለመደው አጀማመር በመጀመሪያው ቀን 300፣ በሁለተኛው 600፣ በሦስተኛው 900 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ እንደ ታማሚው ሁኔታ ወደ 1,800 ይወጣል። ለአረጋዊ ሰው ከዚህም በዝግታ ይኬዳል። እናታችን ግን በመጀመሪያው ቀን 900 ዋጡ። ያዞራቸውም ለዚህ ነው፤ ገና ሊረዳቸው ወደሚችለው መጠን ሳይደርሱ ያቆሙትም ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጋባፔንቲን ከአንጀት የሚገባው እንደ ሉሲን ያሉ አሚኖ አሲዶችን በሚያሻግር ተሸካሚ ነው፤ ተሸካሚውም ይሞላል። በቀን 900 ሚሊግራም በሦስት ተከፍሎ ሲወሰድ 60 በመቶ ያህሉ ወደ ደም ይገባል፤ በቀን 2,400 ሲሆን 34 በመቶው ብቻ። «ሦስቱንም ማታ አንድ ላይ ልዋጠው» የሚል ሰው የገዛውን ከፊሉን ይጥለዋል። ከገባ በኋላ ደግሞ በጉበት ሳይለወጥ በኩላሊት ይወጣል፤ ስለዚህ ኩላሊቱ የደከመ አረጋዊ በሌላው ሰው መጠን ሊሰክር ይችላል። የቆየበት ሰው በድንገት ማቆምም አይገባውም።

ምን ያህል ይረዳል ለሚለው ጥያቄም ሐቀኛ መልስ ያስፈልጋል። በ1998 በታተመ ለ8 ሳምንታት በቆየ ሙከራ፣ ከ0 እስከ 10 በሚቆጠር መለኪያ፣ ጋባፔንቲን የወሰዱ የድኅረ ዞስተር ታማሚዎች ሕመም በአማካይ ከ6.3 ወደ 4.2 ወረደ፤ አስመሳይ እንክብል የወሰዱት ከ6.5 ወደ 6.0። ሙከራዎቹ ተጠቃለው በ2017 ሲገመገሙ፣ መድኃኒቱን በበቂ መጠን ከወሰዱ 100 ሰዎች 32ቱ ሕመማቸው ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ፤ አስመሳዩን ከወሰዱት ደግሞ 17ቱ። እንግዲህ ከሚወስዱት አብዛኞቹ ያን ያህል አይረዱም። የማይረዳው ሰው ግን ይህን የሚያውቀው በደንብ ከወሰደው በኋላ ነው እንጂ በሦስተኛው ቀን አይደለም። ለዚያ ሰው እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ለአረጋውያን የራሱ ጥንቃቄ አለው።

በመድኃኒት መስኮት ላይ

የልጅ ልጃቸው የተቋጠረውን እንክብል ይዞ በገበያ ቀን ወደ ቢቸና ወረደ፤ እናቲቱንም በበቅሎ አመጣ። በአንድ የመድኃኒት መደብር መስኮት ላይ የነበረችው ወጣት ፋርማሲስት እንክብሉን ፈትታ ቆጠረችና ገና ብዙ መቅረቱን አየች። ከዚያ ሌላ ሰው ያልጠየቀውን ጠየቀች፤ «እማማ፣ በመጀመሪያው ቀን ስንት ወሰዱ?»

መልሱን ስትሰማ ወደ ሐኪም መልሳ ላከቻቸው፤ ኩላሊታቸው ተመረመረ፤ መጠኑም ተስተካክሎ መጣ። ሲመለሱ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻቸው። «ሕመሙ ቆዳዎ ላይ አይደለም፤ ከጀርባዎ አጥንት ጎን ካለው የነርቭ ሥር ነው። ስለዚህ ነው ቁስሉ ሲድን ያልተወዎት። ይህ መድኃኒት ደግሞ እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደለም። ሕመሙ የሚያልፍበትን በር በአንዴ አይዘጋውም፤ አዲስ በር እንዳይተከል ይከለክላል፤ የቆየው ተራ በተራ እስኪነሣ ግን ቀን ይፈልጋል። ማታ በአንዷ ይጀምሩ። ቢያዞርዎት ይቀመጡ፤ ብቻዎን አይውጡ፤ ግን ሳይነግሩኝ አያቁሙ።»

እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንደ ጾም ነዋ፤ ካልዘለቁት አይሆንም» አሉ። ከዚያ ግን ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ስለ ሌላው ነገር ጠየቁ። «እውነት ከውስጥ ነው? እኔስ ሰው ሁሉ አበዛች ሲለኝ፣ እኔም አበዛሁ መሰለኝ።»

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ሕመሙ አልጠፋም ነበር። ሌሊት አንዳንዴ ይወጋቸዋል። ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁ ቁጥሩን ንቀው በእጃቸው ወገባቸውን አሳዩ፤ መቀነታቸውን በልል አስረውታል።

ማጠቃለያ

ከአንዲት እናት ተነሥቶ ስለ መድኃኒቱ ብቃት የሚደመደም ነገር የለም። ከ32ቱ መካከል ይሁኑ፣ አስመሳይ እንክብል ቢወስዱም ከሚሻላቸው ከ17ቱ፣ ወይስ ሕመሙ በራሱ ጊዜ እየለቀቃቸው ነበር፣ ማንም ሊለየው አይችልም። የሚደመደመው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ጊዜና በሁለተኛው ጊዜ የወሰዱት እንክብል አንድ ነው፤ ከዚያው ከነጠላቸው ጫፍ የተፈታ። ልዩነቱ በአጀማመሩ መጠንና በተነገራቸው ቃል ላይ ነበር።

በስሜት ነርቭ ሴሎች ላይ የሚሠራ ተመራማሪ የካልሲየም ፍሰት በስንት ሰዓት ስንት እጅ እንደ ቀነሰ ሲለካ፣ ያ ሰዓት በቢቸና መድኃኒት መስኮት ላይ «እስከ መቼ ልታገሥ?» ለሚለው ጥያቄ የመልስ ክፍል ነው። መልሱ በአማርኛ ተቀርጾ፣ ከእንክብሉ ጋር በአንዲት ወረቀት ላይ ታትሞ ቢሰጥ ብዙ ወጪ የለውም፤ ከማታ እንደሚጀመር፣ እንደሚያዞር፣ እንደሚዘገይ፣ በድንገት እንደማይቆም፣ ኩላሊት መታየት እንዳለበት። ከእነዚህም ሁሉ በፊት አንድ ዐረፍተ ነገር ያስፈልጋል፤ ቁስሉ ድኖ ሕመሙ ሊቀር እንደሚችል፣ ይህም የታማሚው ማብዛት እንዳልሆነ።